ናና በባልዲ፦ ለአዳማ ነፋስ የሚሆን መመሪያ

ናናን ሦስት ጊዜ ገድያለሁ። ሰው ሲሰማ ይስቃል። «ናና እኮ አረም ነው፣ እንዴት ይሞታል?» ይሉኛል። ጓሮ ላለው ሰው እውነት ነው። እሱ አንዴ ከተከለ በኋላ ችግሩ ማሳደግ ሳይሆን ማስቆም ነው። እኔ ግን ጓሮ የለኝም። ያለኝ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች፣ ፍራሽ እንኳን የማታስዘረጋ በረንዳ ናት። እና ነፋስ አለኝ። ብዙ ነፋስ።

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አዳማ ከመግባቱ በፊት ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩትን ነጫጭ የነፋስ ማመንጫዎች ያያል። አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት ደግሞ 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ እዚያ የተተከሉት በከንቱ አይደለም። ያው ነፋስ ሲያልፍ የኔንም ባልዲ አድርቆ ይሄዳል።

አሁን አምስት ባልዲ ናና አለኝ፤ የመጀመሪያው ሁለት ዓመት አልፎታል። ከዚህ በታች የምጽፈው ከሦስቱ ሞት በኋላ የሠራልኝን ነው። ወደ ባልዲው ከመሄዳችን በፊት ግን አንድ ጥያቄ እንጨርስ። በእጃችሁ የያዛችሁት ናና ነው?

መጀመሪያ ማንነቱን

የመጀመሪያው «ናናዬ» ናና አልነበረም። መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጥ ሰው ነው የገዛሁት። ቅጠሉ ያምራል። ሲያሹት ሎሚ ሎሚ ይላል። ሻይ ውስጥ ስከተው ግን ያ አፍን የሚያቀዘቅዘው ነገር የለም። «ገና ስላልጎለመሰ ነው» እያልኩ ለሳምንታት ራሴን አታለልኩ። ኋላ ላይ ሜሊሳ የሚባል የናና ዘመድ መሆኑን አወቅሁ። አይጎዳም፤ እሱም ለሻይ ይሆናል። ብቻ እኔ የፈለግሁት እሱን አልነበረም።

እናንተ እንዳትሸወዱ አንድ ቀንበጥ ያዙና እንዲህ ፈትሹት።

ግንዱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ይዛችሁ አንከባልሉት። የናና ግንድ ክብ አይደለም። እንደ ክብሪት እንጨት አራት ጠርዝ አለው። ሲንከባለል ጠርዞቹ ጣት ላይ ቆጥ ቆጥ ይላሉ። ለጋው ጫፍ ላይ በደንብ ይታወቃል፤ ወደ ታች ያረጀው ላይ ሊደበዝዝ ይችላል።

ቀጥሎ ከአናቱ በላይ ሆናችሁ ቁልቁል እዩት። ቅጠሎቹ ከአንድ አንጓ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ። ቀጣዩ ጥንድ ሩብ ዙር ዞሮ ይቀመጣል። ስለዚህ ከላይ ሲታይ መስቀል ይሠራል። የቅጠሉን ጠርዝም ልብ በሉ፤ እንደ መጋዝ ጥርስ ተቆራርጧል።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ «አዎ፣ ናና ነው» ብሎ ያቆማል። አታቁሙ። ባለ አራት ጠርዝ ግንድና ጥንድ ቅጠል የመላው የናና ዕፅዋት ቤተሰብ ምልክት እንጂ የናና ብቻ አይደለም። በሶብላም እንዲሁ ነው። ለምች የምንጨምቀው ዳማከሴም እንዲሁ። እንዲያውም ከዚያ ቤተሰብ ውጭ የሆነው የወፍ ቆሎ፣ አጥር ላይ ቢጫ፣ ብርቱካንማና ሮዝ አበባ ተቀላቅሎ የሚያወጣው፣ ግንዱ አራት ጠርዝ ነው፣ ቅጠሉ ጥንድ ነው፣ ጠርዙ የመጋዝ ጥርስ ነው። ሲያሹትም ይሸታል። የወፍ ቆሎ ቅጠል ከብት የሚመርዝ ነው። ሻይ ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም። መለያው ቀላል ነው፤ ቅጠሉን ስትዳስሱት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል፣ ግንዱ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ትናንሽ እሾሆች አሉ። የናና ቅጠል ወይ ለስላሳ ነው፣ ወይ የተጨማደደ ግን የማይሻክር ነው።

የመጨረሻው ዳኛ አፍንጫ ነው። አንድ ቅጠል አሽታችሁ አሽትቱ። ብዙ ተክል በተከታታይ ካሽተታችሁ አፍንጫ ይደናገራል፤ መሃል ላይ እጃችሁን ታጠቡ። የናና ሽታ ወይ ማስቲካ ያስታውሳችኋል፣ ወይ የጥርስ ሳሙና። ይህ ልዩነት ቀልድ አይደለም። ሁለት የተለያዩ ናናዎች ናቸው።

የማስቲካው ዓይነት ስፒርሚንት ይባላል። ሽታው ጣፈጥ ይላል፤ ካርቮን ከሚባል ነገር የመጣ ነው። ቅጠሉ ጫፉ ሹል፣ ቀለሙ ደማቅ አረንጓዴ ነው። ዋናው ምልክቱ ግን ቅጠሉ የተያያዘበት ቦታ ነው። ጭራ የለውም ማለት ይቻላል፤ በቀጥታ ግንዱ ላይ ልጥፍ ብሎ ነው የሚወጣው። አበባው ቀጭንና ሹል ጅራት ይመስላል።

የጥርስ ሳሙናው ዓይነት ፔፐርሚንት ነው። በውስጡ ያለው ሜንቶል አፋችን ውስጥ ቅዝቃዜ የሚለየውን ስሜት ስለሚቀሰቅስ ትኩስ ሻይ እንኳን ይዘን ቀዝቀዝ ይለናል። ቅጠሉ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው። ከግንዱ ጋር የሚያያይዘው ግልጽ የሆነ ጭራ አለው። ግንዱ ብዙ ጊዜ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ያደላል። የአበባው ጅራት ደግሞ ወፈርና ደነዝ ያለ ነው።

ፔፐርሚንት ዲቃላ ነው። ስፒርሚንትና ውሃ ዳር የሚበቅል ሌላ ናና ተዳቅለው የተገኘ ነው። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ራሱን የቻለ ዝርያ አድርጎ መዝግቦት ነበር፤ ዲቃላነቱ የታወቀው ኋላ ነው። እንደ በቅሎ መካን ነው፣ የሚበቅል ዘር አይሰጥም ማለት ይቻላል። ታዲያ የፔፐርሚንት ፎቶ ያለበት የዘር ፓኬት ስታዩ ኪሳችሁን ጠበቅ አድርጉ። ከዘሩ የሚወጣው ነገር ናና ሊሆን ይችላል፣ በፎቶው ላይ ያለው ግን አይሆንም። ሁለተኛው ሽንፈቴ ይኸው ነበር፤ ገንዘቤንም የአንድ ወር ጊዜዬንም በላ።

ቅጠሉ ክብ ክብና ጸጉራም ሆኖ ፖም ፖም የሚሸት ናናም አለ። ከዚህ ሌላ መሬት ላይ ተለጥፎ የሚሄድ፣ ቅጠሉ እንደ ጥፍር ያነሰ፣ ሽታው ከመጠን በላይ የሚያጥወለውል ፔኒሮያል የሚባል አለ። የሱ ዘይት ለጉበት መርዝ ነው። ብታገኙት ለሻይ አትጠቀሙበት፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ጭራሽ።

ከጉሊት ዘለላ ችግኝ ማውጣት

ችግኝ መግዛት አያስፈልግም። ለሻይና ለሰላጣ የሚሸጠው ዘለላ ናና ራሱ ችግኝ ነው። እኔ የአሁኑን የጀመርኩት ከሰፈሬ ጉሊት ነው።

«እማማ፣ ናናው የዛሬ ነው?»

«ዛሬ ጠዋት ነው የገባው ልጄ። ለሻይ ነው?»

«ለመትከል።»

ሳቁብኝ። ከዚያ የታሰረውን ዘለላ ፈትተው አንድ አንዱን እያነሡ ከሥር ማየት ጀመሩ። ሦስት ዘንግ ለይተው ሰጡኝ። ጫፋቸው ላይ እንደ ክር የሳሱ ነጭ ሥሮች ተንጠልጥለው ነበር። «እነዚህ ሲነቀሉ ሥር ይዘው የመጡ ናቸው። እነሱን ትከል፤ ሌላውን ጠጣበት» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ዘለላ ስገዛ መጀመሪያ የማየው ከሥር ነው።

ሥር የያዘ ካላገኛችሁም ችግር የለም። አበባ ያላወጡ፣ ያልጠወለጉ ስምንት ያህል ዘንጎች ምረጡ። ስምንት ያልኩት ጥቂቱ መበስበሱ ስለማይቀር ነው። ከጫፋቸው ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ለኩና ልክ ከአንጓ በታች በምላጭ ወይም በስለታም መቀስ ቁረጡ። ሥር ቶሎ የሚወጣው ከአንጓው ነው። የታችኞቹን ቅጠሎች አንሱ፤ አናቱ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጥንድ ብቻ ይቅር። ትልልቅ ቅጠል ካለ ግማሹን ቁረጡት። ሥር የሌለው ዘንግ ብዙ ቅጠል ማጠጣት አይችልም።

በሻይ ብርጭቆ ውስጥ አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ አድርጉና አስቀምጧቸው። ውሃው ውስጥ የገባ ቅጠል እንዳይኖር፤ እሱ ነው መጀመሪያ የሚበሰብሰው። ብርሃን ባለበት፣ ግን ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ቦታ ይቀመጥ። እኔ ወጥ ቤት መስኮት ሥር ነው የማስቀምጠው። ውሃውን በየሁለት ቀኑ ቀይሩ። በሳምንት ገደማ ከአንጓው ነጭ ነጥብ ብቅ ይላል፣ ከዚያ ክር ይሆናል። ሥሩ ሦስት ሳንቲ ሜትር ሲሆን ለአፈር ደርሷል። ብዙ ጊዜ ሁለት ሳምንት አይሞላም። «ይበርታ» ብላችሁ አንድ ወር አታቆዩት። ውሃ የለመደ ሥር አፈር ሲገባ ይከብደዋል።

ባልዲውና አፈሩ

ናና ሥሩ ወደ ታች ብዙ አይጠልቅም። ወደ ጎን ነው የሚሄደው። ከአፈር ሥር አግድም የሚሮጡ ነጫጭ ግንዶች አሉት፤ በየአንጓቸው አዲስ ቡቃያ ያወጣሉ። ባልዲ የምንመርጠውም ይህን አስበን ነው፤ ከጥልቀቱ ይልቅ ስፋቱ። ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው። ባለ 20 ሊትር ባልዲ ጥሩ ነው። ጀሪካን በቁሙ ከምትቆርጡት አጋድማችሁ ጎኑን ብትከፍቱት ይሻላል። ያረጀ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ሃይላንድ ጠርሙስ ቆርጠው የሚተክሉ ሰዎች አሉ። ለፎቶ ያምራል። አዳማ ላይ ግን በእኩለ ቀን ደርቆ ታገኙታላችሁ።

የፀረ ተባይ ኬሚካል ወይም የመኪና ዘይት የነበረበትን ዕቃ አትንኩ። የውሃ ቀለም የነበረበት ባልዲ ልጥፉ ከተፋቀና በደንብ ከታጠበ ይሆናል። ጥቁር ዕቃ ፀሐይ ይስባል፤ ሥሩን ይቀቅላል። ያላችሁ እሱ ብቻ ከሆነ ውጭውን ነጭ ቀቡት ወይም በማዳበሪያ ጠቅልሉት። (ማዳበሪያ ስል ከረጢቱን ነው። ቋንቋችን ሁለቱን በአንድ ስም ሲጠራ አትክልተኛ ይቸገራል።)

የባልዲውን ታች ብሱ። ሚስማር አግላችሁ ከስድስት እስከ ስምንት ቀዳዳ አውጡ፤ እያንዳንዱ እርሳስ የሚያሳልፍ ይሁን። ሁለት ቀዳዳ ደግሞ ከታች በጎኑ በኩል ይኑር። ባልዲው ሲሚንቶ ላይ ልጥፍ ብሎ ሲቀመጥ የታችኛው ቀዳዳ ይደፈናል፣ የጎኑ ያተርፋችኋል። ብዙ ሰው ባልዲው ታች ላይ ጠጠር ይደለድላል። እኔም አደርግ ነበር። አይረዳም። ውሃ ከአፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ ከጠጠሩ በላይ ተኝቶ ሥሩን ያበሰብሳል። ከጠጠር ይልቅ ሽንኩርት የሚመጣበትን መረብ ከረጢት ቆርጣችሁ ቀዳዳዎቹ ላይ አንጥፉ። አፈሩን ይይዛል፣ ውሃውን ይለቃል።

ለአፈሩ አዳማ ከብዙ ከተማ የተሻለ ዕድል አላት። የምንኖረው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ብሎኬት የሚያመርቱት ሰዎች የሚጠቀሙበት ፑሚስ፣ ያ ቀላልና በቀዳዳ የተሞላ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ለባልዲ አፈር የተሠራ ነው የሚመስለው። ውሃ ይይዛል፣ አየርም ያስገባል፣ ባልዲውንም አያከብደውም። ሦስተኛ ፎቅ አፈር ተሸክሞ የወጣ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ግማሽ ከረጢት ለምኜ ነው ያገኘሁት። አተር እስከ ባቄላ የሚያህለውን ፍሬ አበጥሩ፤ ዱቄቱን ተዉት፣ እሱ ቀዳዳ ይደፍናል።

ልኩ እንዲህ ነው፦ ሁለት እጅ ጥቁር አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስት ወይም የበሰለ ፍግ፣ አንድ እጅ ፑሚስ። ፑሚስ ካጣችሁ ደቃቅ ያልሆነ አሸዋ። ፍጉ የበሰለ ይሁን ያልኩት ለቃል ያህል አይደለም። አዲስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ ዝንብም ይጠራል። ወራት ቆይቶ የአፈር ሽታ ካለው፣ የበረት ሽታ ከለቀቀው፣ ደርሷል። የቀላቀላችሁትን አርጥባችሁ በጡጫ ጨብጡት። ተጣብቆ ቀርቶ በጣት ስትነኩት ከፈረሰ ጥሩ ነው። እንደ ጭቃ ከቀረ ፑሚስ ጨምሩ።

ከአፈሩ እስከ ባልዲው አፍ አራት ጣት ያህል ባዶ ተዉ። ለአንድ ባልዲ ሦስት ወይም አራት ችግኝ ይበቃል። ባዶ ይመስላችኋል። በሁለት ወር ቦታ ያጣል። የታችኛው አንጓ እስኪቀበር ድረስ አስገቡ፣ ቀስ አድርጋችሁ ጫን አድርጉ፣ ከሥር እስኪፈስ አጠጡ። አንድ ሳምንት ያህል ጥላ ውስጥ ይቆይ። ስፒርሚንትና ፔፐርሚንት አንድ ባልዲ ውስጥ አትክሉ፤ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል፣ እናንተም የቱ የቱ እንደነበር ይጠፋባችኋል።

ነፋሱ

ሦስተኛው ሞት ይህ ነው። ትክክለኛ ናና፣ ጥሩ አፈር፣ በቂ ባልዲ። ጥር ላይ ነው። ጠዋት አጠጥቼ ሥራ ሄድኩ። ማታ ስመለስ ቅጠሉ ጠርዙ ጠቁሮ ተጠቅልሏል፣ በጣት ሲነካ እንደ ደረቀ ወረቀት ይሰባበራል። አፈሩን ስነካው ግን እርጥብ ነው። ውሃ አልጎደለውም ነበር። ነፋሱ ከቅጠሉ የሚወስደውን ሥሩ ሊደርስለት አልቻለም። እኔ ደግሞ «ጠማው» ብዬ ውሃ ደገምኩለት። በሳምንቱ ሥሩ በሰበሰ።

አዳማ ላይ ናና የሚገድለው ፀሐይ ብቻ ይመስለናል። በረንዳ ላይ ግን ነፋሱ ይብሳል። ስለዚህ ቦታ ስትመርጡ መጀመሪያ ነፋሱን ፈልጉ። አንድ የፌስታል ቁራጭ በክር አንጠልጥላችሁ በረንዳው ላይ በተለያየ ቦታ ያዙት። ጠዋትም ከሰዓትም ሞክሩት። የምትረጋበት ጥግ አለች። የናና ቦታ እሷ ናት። ብዙ ጊዜ ከግንቡ ጋር ተጠግቶ፣ መሬት ላይ ነው። የበረንዳው ብረት ላይ ማንጠልጠል ይቅርባችሁ። ባልዲው ቢወድቅ ሥር የሚያልፍ ሰው አለ።

የሚረጋ ጥግ ከሌለ ራሳችሁ ፍጠሩ። እኔ የበረንዳውን ብረት በማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ በሙሉ ሸፍኜው ነበር። ነፋሱ እንደ ሸራ ነፍቶ ገመዱን በጠሰው። የሚሻለው ነፋሱን የሚያሳልፍ ግን የሚሰብር ነገር ነው። የችግኝ ጣቢያ ጥላ መረብ ወይም ሳሳ ብሎ የታሰረ ሸምበቆ ይሆናል። ባልዲዎቹንም አጠጋግታችሁ አስቀምጡ፤ አንዱ ለሌላው ግርዶሽ ይሆናል።

ፀሐዩ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። የጠዋት ፀሐይ ለአራትና አምስት ሰዓት ያህል ካገኘ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ ከሆነ፣ ከዚህ በላይ አይፈልግም። ምዕራብ የሚያይ በረንዳ ያላችሁ መረቡን ደረብ አድርጉ። ፀሐይ ጭራሽ የማያገኝ ከሆነ ግንዱ ይረዝማል፣ ቅጠሉ ይሳሳል፣ ሽታውም ይደክማል።

ውሃ፣ በፈረቃም ቢሆን

ጣታችሁን እስከ መጀመሪያው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገቡ። እዚያ ድረስ ከደረቀ አጠጡ፣ ከረጠበ ተዉት። ሌላ መለኪያ አያስፈልግም። የኔ ባለ 20 ሊትር ባልዲ በበጋ በቀን ከአንድ ሊትር በላይ ይጠጣል። ክረምት ላይ፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ለቀናት የማልነካው ጊዜ አለ።

በእኩለ ቀን ጠውልጎ ብታዩት አትደንግጡ። መጀመሪያ ጣት። አፈሩ እርጥብ ከሆነ ሙቀቱ ነው፤ ማታ ራሱ ይነሣል። ማታም ካልተነሣ ችግሩ ሥሩ ላይ ነው። የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ግንዱ ከአፈሩ አጠገብ ከጠቆረ ውሃ አብዝታችኋል።

አፈሩ ላይ ሁለት ጣት ውፍረት ጭድ አልብሱት። የጤፍ ጭድ ቢሆን ደስ ይላል። ውሃ ሲጠፋ የምታዩት ልዩነት ከዚህ ነው የሚመጣው። ጎመንና ድንች የታጠበበትን ውሃ ስጡት። ልብስ የታጠበበትንና በረኪና የገባበትን አትስጡት። ባልዲው አፍ ወይም አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ከታየ ከውሃው የቀረ ጨው ነው። በወር አንዴ ከሥር በደንብ እስኪፈስ አጠጥታችሁ እጠቡት። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ባልዲውን ወደ ዝናቡ አውጡት፤ ከሱ የተሻለ እጥበት የለም።

መቅጠፍ ነው የሚያበዛው

ችግኙ አንድ ስንዝር ሲሆን አናቱን ቅጠፉ። ልባችሁን ያማችኋል፣ ግን ቅጠፉ። ከአንጓው በላይ ሲቆረጥ ከዚያው አንጓ ሁለት ቅርንጫፍ ይወጣል። ሁለቱን ስትቀጥፉ አራት። ካልተቀጠፈ አንድ ረጅም ዘንግ ሆኖ ነፋሱ ይሰብረዋል።

አበባ ሲያበጅ እምቡጡን አንሱ። ካበበ በኋላ ቅጠሉ ያንሳል፣ ይመራል። አንድ ባልዲ ለንቦች ብትተዉላቸው ግን ደስ ይላቸዋል፤ እኔ አንዷን ትቼላቸዋለሁ።

ምግቡን አታብዙት። በወር ወይም በወር ተኩል አንዴ አንድ እፍኝ ኮምፖስት ከጭዱ ሥር በትኑ። ዩሪያ ጣል የሚያደርጉ አሉ። ቅጠሉ ይሰፋል፣ ሽታው ግን ይቀጥናል፣ ክሽክሽ የሚባለው ለጋ ቅጠል የሚመጥ ደቃቅ ተባይም ይወደዋል። የቡና አተላ ትንሽ በትንሹ ከኮምፖስት ጋር ይቀላቀል እንጂ በየቀኑ ጀበናው ሲያልቅ አይደፋበት። ላዩ ላይ ይጋገርና ውሃ አያስገባም።

ክሽክሽ ከመጣ፣ ለጋው ጫፍ ላይ ተሰብስቦ ታዩታላችሁ፣ በጠንካራ ውሃ እጠቡት። ካልለቀቀ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ ማታ ከቅጠሉ ሥር ንፉበት፣ ጠዋት አጥቡት። በበጋው አቧራ ቅጠሉ ላይ ደቃቅ ቢጫ ነጠብጣብና ከሥሩ ስስ ድር ካያችሁ ደግሞ በዓይን የማትታይ የምትመስል ሸረሪት መሰል ተባይ ናት። እሷ ደረቅና አቧራማ ቅጠል ትወዳለች። የቅጠሉን ሆድ በየሦስት ቀኑ እጠቡባት። ለሻይ የሚሆን ቅጠል ላይ የእርሻ ኬሚካል አይነፋም። የቅጠሉ ሆድ ላይ እንደ ዝገት ያለ ብርቱካንማ ዱቄት ከታየ የናና ዋግ ነው፤ ገበሬው ስንዴው ላይ የሚያውቀው የዋግ ዘመድ። ሁሉንም እስከ አፈሩ ቁረጡት። የቆረጣችሁት ኮምፖስት ውስጥ አይግባ።

በዓመት አንዴ ቢላዋ

ሁለተኛው ዓመት ላይ ናናው መሃሉ እየተራቆተ ጠርዙ ላይ ብቻ ሲበቅል ታያላችሁ። ውሃ ስታጠጡም ቶሎ ሾልኮ ይወጣል። አልታመመም፤ ቦታ ጠቦታል። ባልዲውን ገልብጡና ጎኑን መታ መታ አድርጉት። ሲወጣ የባልዲውን ቅርጽ የያዘ የሥር ኬክ ነው። ነጫጮቹ ግንዶች ግድግዳውን ይዘው ሲዞሩ፣ ሲዞሩ፣ እንደ ተጠቀለለ ገመድ ሆነዋል። ስታዩት ጓሮ ቢለቀቅ ምን ያደርግ እንደነበር ይገባችኋል።

በዳቦ ቢላዋ አራት ቦታ ክፈሉት። ከዳር ያለውን ወጣቱን ክፍል ምረጡ፣ የመሃሉን እንጨት የሆነውን ጣሉ። አንዱን ሩብ በአዲስ አፈር መልሳችሁ ትከሉ። ቅጠሉን ወደ አምስት ሳንቲ ሜትር አሳጥሩለት። የክረምቱ መግቢያ ለዚህ ሥራ ጥሩ ጊዜ ነው፤ ፀሐዩ ለስለስ ይላል። የቀረውን ሦስት ሩብ ለጎረቤት ስጡ። ብቻ ጓሮ ላለው ሰው ስትሰጡ «ከነባልዲው ቅበረው» በሉት፤ የባልዲው አፍ ከመሬት ትንሽ ከፍ ይበል። ካልነገራችሁት በዓመቱ ይወቅሳችኋል።

ሻዩና የሚደርቀው

የምትቆርጡት ጠዋት ነው፤ ጤዛው ከለቀቀ በኋላ ፀሐዩ ሳይበረታ። ከአንድ ባልዲ ከሲሶው በላይ በአንዴ አትውሰዱ። ለአንድ ብርጭቆ ከስድስት እስከ ስምንት ቅጠል ይበቃል። በመዳፋችሁ መሃል አንዴ መታ አድርጉት፣ የፈላ ውሃ አፍሱበት፣ ክደኑት። አምስት ደቂቃ። መክደኑ ግድ ነው፤ ያ ወጥ ቤቱን የሚያውደው ሽታ ከብርጭቆው ያመለጠ ነው። ጀበና ወይም ማንቆርቆሪያ ውስጥ አብሮ ማንተክተክ ናናውን ይገድለዋል። ቅርንፉድና ቀረፋ ባለበት ሻይ ውስጥም ባታባክኑት እመርጣለሁ።

ቃር የሚያስቸግረው ሰው ፔፐርሚንት ሊያብስበት ይችላል፤ ይጠንቀቅ። ሜንቶል ለጨቅላ ሕፃን ፊትና አፍንጫ አይቀርብም።

የተረፈውን አድርቁት። አሥር አሥር ዘንግ እሰሩ፣ ቁልቁል አንጠልጥሉ፣ ፀሐይ አይንካው። ፀሐይ ቀለሙንም ሽታውንም ይወስዳል። እኔ በረንዳው በር ላይ፣ ነፋሱ በሚመላለስበት፣ በጥላ አንጠለጥለዋለሁ። የጥሩ ነፋስ ሰሞን ከሆነ በአራት ቀን ያልቃል። ናናዬን የገደለው ያው ነፋስ እዚህ ላይ በነፃ ይሠራልኛል። ግንዱ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ከታጠፈና ካልተሰበረ አንድ ቀን ይጨመርለት፤ እርጥበት ይዞ ከታሸገ ይሻግታል። ቅጠሉን ከግንዱ ለዩት እንጂ አትፍጩት። ሙሉውን ጠርሙስ ውስጥ ክደኑና ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት። ፈጨት የምታደርጉት ብርጭቆው ላይ፣ በሁለት ጣት፣ ውሃው ከመፍሰሱ በፊት ነው።